ልጁ ተኝቷል

የእህቴ ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ ተኝቶ ነበር። እናታችን ከአዲስ አበባ በደወለች ቁጥር፣ ጠዋትም ይሁን ማታ፣ «እስኪ ድምፁን አሰሚኝ» ስትል የምታገኘው መልስ አንድ ነው፤ «ተኝቷል እማዬ።» መጀመሪያ ሰሞን የሰዓት ልዩነቱ ነው ብላ አመነች። ቆየት ብላ ግን «ይኼ ልጅ ምን ዓይነት እንቅልፍ ነው የያዘው?» ማለት ጀመረች። ባለፈው ጥቅምት ለአንድ ስብሰባ ወደ ዋሽንግተን ስነሳ ያሸከመችኝ አደራ ከበርበሬውና ከሽሮው ይከብድ ነበር፤ «ልጁን በዓይንህ አይተህ ንገረኝ።»

እህቴ የምትኖረው ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ፣ በቨርጂኒያ ግዛት አሌክሳንድሪያ ነው። ሐበሻ የበዛባት ከተማ ናት፤ ዳቦ ቤቱም ፀጉር ቤቱም የግብር ሠራተኛውም በአማርኛ ያስተናግዳል። በሩን ስትከፍትልኝ ልጁ ነቅቷል። ሳሎኑ መሐል ተንበርክኮ የድስት ክዳን ያሾራል። ክዳኑ ሲሾር ጆሮውን ወደ ወለሉ ያስጠጋል፣ ሲቆም እንደገና ያሾረዋል። አራት ዓመቱ ነው። ማሙሽ ልበለው፤ ስሙ እዚህ ባይጻፍ ይሻላል። ጠራሁት፣ አልዞረም። ልስመው ጠጋ ስል ሁለት ጆሮውን ይዞ ሸሸኝ። እህቴ ሻንጣዬን እየጎተተች፣ ፊቷን ሳታሳየኝ፣ «ጋሼ፣ አይሰማም ብለህ እንዳታስብ። የብስኩት ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ከመኝታ ቤት ይሰማል» አለችኝ። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና ጨመረች፤ «ለእማዬ እንዳትነግራት።»

የሦስት ሳምንት ቆይታዬ እንዲህ ተጀመረ። ዋይት ሐውስን በአጥሩ አጮልቄአለሁ፣ የሊንከንን ሐውልት ደረጃ ወጥቼ ወርጃለሁ፤ ስለ እነሱ የጻፈ ብዙ ነውና ልለፋቸው። እኔ የምጽፈው ጎብኚ ስለማይደርስበት ቤት ነው። ልዩ ድጋፍ የሚሹ ሕፃናት ስለሚውሉበት አንድ ትንሽ የመንግሥት መዋዕለ ሕፃናት።

ጠዋት፣ በእኛ አቆጣጠር አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቢጫ አውቶቡስ ደጃፍ ድረስ ይመጣል። እንደ ትልልቆቹ የተማሪ አውቶቡሶች ረዥም አይደለም። ከሹፌሩ ሌላ የልጆቹን ቀበቶ የምታስር ረዳት አለችው። ይህ አውቶቡስ ችሮታ አይደለም፤ እንደ ንግግር ሕክምናው ሁሉ ልጁ በሕግ ያገኘው መብት ሆኖ የትምህርት ዕቅዱ ወረቀት ላይ ሰፍሯል። ከሰዓት በኋላ ሲመልሱት ደግሞ ስሙ የተመዘገበ አዋቂ ደጃፍ ላይ ካልቆመ አያወርዱትም። ይህን የተማርኩት በራሴ ላይ ደርሶ ነው። አንድ ቀን እህቴ ሥራ ቦታ ስለዘገየች እኔ ወጥቼ ቆምኩ። ረዳቷ እኔን አየች፣ ዝርዝሯን አየች፣ ራሷን ነቀነቀች። «አጎቱ ነኝ» አልኩ። ማሙሽ በመስኮቱ ተመለከተኝ፤ ፊቱ ላይ የሚያውቀኝ ምልክት አልነበረም፤ ምስክርነቱ አልጠቀመኝም። አውቶቡሱ ይዞት ዞረ። እህቴ ደርሳ ከትምህርት ቤቱ አመጣችው። እስኪመሽ ተናድጄ ዋልኩ፤ ሌሊት ሳስበው ግን ሴትዮዋ ልክ ነበረች። ስሙን መናገር የማይችልን ልጅ ለቆመ ሰው ሁሉ አያስረክቡም።

ትምህርት ቤቱ አንድ ደርብ ብቻ ያለው የጡብ ቤት ነው። ከውጭ ሲያዩት የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ይመስላል፤ ኮሪደሩ ላይ የተደረደሩት ትንንሽ ተሽከርካሪ ወንበሮች ናቸው የሚለዩት። መግቢያው ላይ መታወቂያዬን አይተው የእንግዳ ወረቀት ደረቴ ላይ ለጠፉልኝ። ስልክ ኪስ ውስጥ ይግባ፣ ፎቶ የለም፣ የልጅ ስም መጻፍ የለም። እህቴ አስቀድማ ስላስፈቀደችልኝ አንድ ጥግ ሰጡኝ፤ ለሦስት ዓመት ልጅ በተሠራች ወንበር ላይ ጉልበቴን ወደ አገጬ አስጠግቼ ተቀመጥኩ።

በክፍሉ ስምንት ልጆች፣ አንዲት መምህርትና ሁለት ረዳቶች አሉ። አንደኛዋ ረዳት ጠጋ ብላ በጎንደር ቅላፄ «እንደምን አደሩ» ስትለኝ ከወንበሬ ልወድቅ ነበር። ከስምንቱ ስድስቱ ወንዶች ናቸው። በአሜሪካ ኦቲዝም አለባቸው ተብለው የሚለዩት ወንዶች ከሴቶቹ ከሦስት እጥፍ በላይ ስለሆኑ እንዲህ ባለ ክፍል ወንድ መብዛቱ የተለመደ ነው። ዳውን ሲንድረም ያለባት ልጅ የክፍሉ አስተናጋጅ ናት፤ የገባውን ሁሉ አቅፋ ትቀበላለች፣ እኔን ሁለት ጊዜ አቅፋኛለች። አንዱ እግሮቹ አልጸና ስላሉት ደግፎ በሚያቆም መቆሚያ ውስጥ ሆኖ አሸዋ ይሰፍራል። አንዱ ያለ ጊዜው የተወለደ ነው፤ በሁለት ጆሮዎቹ የመስሚያ መሣሪያ አለው፣ በተናደደ ቁጥር ነቅሎ ይወረውረዋል፣ ረዳቷም ሳትቆጣ ከጠረጴዛ ሥር ትለቅማለች። ማሙሽና ሌሎች ሁለት ልጆች ኦቲዝም አለባቸው። የቀሩት ሁለቱ ግን የሕመም ስም የላቸውም። ፌዴራላዊው የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሕግ 13 የአካል ጉዳት ዓይነቶችን ይዘረዝራል፤ ከ3 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች ግን ግዛቶች «የዕድገት መዘግየት» የሚል ሰፋ ያለ ስም እንዲጠቀሙ ይፈቅዳል። የሦስት ዓመት ልጅ ላይ የዕድሜ ልክ ስም ለመለጠፍ አትቸኩሉ፣ ግን ድጋፉን ዛሬ ስጡት እንደማለት ነው። ይህን ብልሃት ወደድኩት።

በእነዚህ ስምንት ልጆች ቤት አምስት ቋንቋ ይነገራል፤ እንግሊዝኛ፣ ስፓኒሽ፣ ዓረብኛ፣ ዳሪና አማርኛ። በክፍሉ ውስጥ ግን የሚበዛው ዝምታ ነው። ዝምታ ስል ጸጥታ አይደለም፤ ጩኸትም ሳቅም ሞልቷል፣ ቃል ነው የሚያንሰው።

ግድግዳው ላይ የቀኑ ሥራ በሥዕል ተደርድሯል፤ አውቶቡስ፣ መጽሐፍ፣ ብስኩት፣ ሽንት ቤት፣ አሸዋ፣ አውቶቡስ። እያንዳንዱ ሥዕል ተለጥፎ የሚነቀል ነው። አንዱ ሥራ ሲያልቅ ልጁ ራሱ ሥዕሉን ነቅሎ «አልቋል» የሚባል ከረጢት ውስጥ ይከተዋል። ቤት ውስጥ ገላ መታጠቢያ በተወሰደ ቁጥር ጎረቤት እስኪሰማ የሚጮኸው ማሙሽ እዚህ የውሃ ሥዕል ሲያሳዩት እጁን ለመታጠብ በራሱ እግር ሄደ። ለካ ልጁ ውሃ አይጠላም፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ሳይነግሩት ብድግ አድርገው መውሰዳቸው ነው የሚያስደነግጠው። እኔንስ ከተቀመጥኩበት አንስተው ሳይነግሩኝ ልብሴን ቢያወልቁ አልጮህም?

መክሰስ ሲደርስ የንግግር ባለሙያዋ መጣች። ማሙሽ ፊት ብስኩት ያለበት ግልጽ የፕላስቲክ ብርጭቆ አስቀመጠች፤ ክዳኑ ጠብቆ ተዘግቷል። ብስኩቱ ይታያል፣ አይደረስበትም። ልጁ ነቀነቀው፣ ነከሰው፣ ጠረጴዛው ላይ ደበደበው፣ ከዚያ ማልቀስ ጀመረ። ሴትዮዋ አጠገቡ ቁጭ ብላ ታየዋለች። አላስቻለኝም፤ ልከፍትለት ተነሳሁ። ዓይኗን ከልጁ ላይ ሳትነቅል መዳፏን ብቻ ወደ እኔ ዘርግታ መለሰችኝ። ልቅሶው ቀዝቀዝ አለ። ማሙሽ ብርጭቆውን አንስቶ አገላበጠው። ከዚያ ገፋ ገፋ አድርጎ እጇ ላይ አስቀመጠውና ቀና ብሎ ዓይኗን አየ። ዓይን ለዓይን የተያዩት ለአንድ ትንፋሽ ያህል ነው። «ክፈችልኝ!» ብላ በእሱ ፈንታ ተናገረችለትና ወዲያው ከፈተችው። አንድ ብስኩት ብቻ አውጥታ መልሳ ዘጋችው።

በኋላ ስጠይቃት ያስረዳችኝ በአጭሩ ይህ ነው። ሳይጠይቅ የሚሰጠው ልጅ ምን ብሎ ይጠይቃል? ቃል ከመምጣቱ በፊት፣ ከእኔ ሌላ ሰው አለ፣ ያ ሰው ይረዳኛል የሚለው ሐሳብ መምጣት አለበት። ብርጭቆው የተዘጋው ለዚህ ነው።

እኔ ግን ስለ ጉርሻ እያሰብኩ ነበር። እኛ ሰው ራበኝ ሳይል የምናጎርስ ሕዝብ ነን፤ ልጅ አልቅሶ ከጠየቀ የእናትየዋ ነውር ነው። እህቴ ቤት ውሃው፣ ብስኩቱ፣ የድስቱ ክዳን ሁሉ ማሙሽ ሳያስበው ይቀርብለታል። ይህ ፍቅር እንጂ ጥፋት አይደለም፤ ለሌላው ልጅ ምንም አይለው ይሆናል፣ ለእሱ ግን የመናገሪያ ምክንያቱን ሁሉ ያሳጣዋል። እህቴ አሁን ጠባብ ክዳን ያለው ብርጭቆ ገዝታለች። እሷ እስከ አምስት ቆጥራ ትከፍታለች፣ ባለሙያዋ እስከ ሃያ ጠብቂ ትላለች። እኔ እስክመለስ ድርድር ላይ ነበሩ።

ለዚህ ሁሉ ስንት ትከፍያለሽ ብዬ ጠየቅኋት። ምንም። አውቶቡሱ፣ ባለሙያዋ፣ ማሙሽ ጣቱን እየጫነ «ውሃ» የሚያሰኘው ታብሌት፣ ሁሉም በነጻ ነው። ሀብታም አገር ስለሆነ ነው ብዬ ላልፈው ነበር፤ ታሪኩን ሳነብ ግን ነገሩ እንዲያ እንዳልሆነ ገባኝ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ልጥቀስ። ሀብታም በነበረበት ጊዜም ይህ አገር እንደ ማሙሽ ያሉትን ከደጅ ይመልስ ነበር። ይኸው የቨርጂኒያ ግዛት በ1924 «አእምሮ ደካማ» የሚላቸውን ሰዎች በግድ የሚያመክን ሕግ አወጣ፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1927 አጸደቀለት፣ እስከ 1970ዎቹም 8,000 ያህል ሰዎች በግዛቱ መከኑ። ገዥው ይቅርታ የጠየቁት በ2002 ነው። ከወንዙ ማዶ በዋና ከተማዋ ደግሞ ትምህርት ቤቶች ያባረሯቸው ወይም አልቀበልም ያሏቸው የሰባት ልጆች ወላጆች ከሰሱ። ከተማው ገንዘብ የለኝም ብሎ ተከራከረ። ዳኛ ጆሴፍ ዋዲ ነሐሴ 1972 የሰጡት ፍርድ፣ ገንዘብ ካነሰ እጥረቱን ሁሉም ይካፈለው እንጂ በእነዚህ ልጆች ላይ ብቻ አይጫንም የሚል ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ኅዳር 1975፣ ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ አገር አቀፉን የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሕግ ፈረሙ። ያን ጊዜ ከትምህርት ቤት ጨርሰው የተገለሉት አካል ጉዳተኛ ልጆች አንድ ሚሊዮን እንደሚደርሱ ሕጉ ራሱ መዝግቧል። ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉት ሕፃናት በሙሉ የተካተቱት በ1986 ማሻሻያ ነው። ዛሬ በዚህ ሕግ የሚገለገሉት ከ3 እስከ 21 ዓመት ያሉ ልጆችና ወጣቶች ከ7 ሚሊዮን ተኩል በላይ ናቸው። ቨርጂኒያ በበኩሏ በሯን ገና በ2 ዓመት ትከፍታለች፤ ያን ታሪክ ላነበበ ይህ ያስገርማል።

ከሕጉ ሁሉ ልቤን የነካው ግን አንድ አንቀጽ ነው። ትምህርት ቤቱ ልጁ እስኪመጣለት ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፤ በአካባቢው ያሉትን ድጋፍ የሚሹ ልጆች ፈልጎ የማግኘት ግዴታ አለበት። «ቻይልድ ፋይንድ» ይሉታል፣ ልጅ ፍለጋ። ይህን ስሰማ ትዝ ያለኝ የሰፈራችን ድብብቆሽ ነው። አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ «ኩኩሉ!» ይላል፣ የተደበቀው «አልነጋም!» ይላል። እህቴና መንግሥት ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ተጫውተዋል። ለካ ትደብቅ የነበረው ከእናታችን ብቻ አልነበረም።

ሐኪም ቤት በ18 ወርና በ24 ወር የሚሞላ መጠይቅ አለ። ልጅዎ በጣቱ ያመለክታል? ስሙ ሲጠራ ይዞራል? እህቴ ሁሉንም «አዎ» ብላ ሞላች። «ውሸት መሆኑን አውቃለሁ» አለችኝ፤ «ግን ወረቀት ላይ እንዲሰፍር አልፈለግኩም።» የታደገችው አንዲት ነርስ ናት፤ ወረቀቱን ትታ ልጁን አየችው። ከዚያ ቤቷ ድረስ መጡ፤ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ከማሙሽ ጋር ክዳን አሾሩ። እህቴ የመጡት ልጄን ሊወስዱብኝ ነው ብላ ሳምንት ሙሉ አልተኛችም። ቤተ ክርስቲያን መውሰዱን ካቆመች ቆይታ ነበር፤ ቅዳሴ መሐል ሲጮህ የሰው ዓይን ሁሉ እሷ ላይ ይሆናል። አንዷ ጸበል ውሰጂው ትላለች፣ ሌላዋ ቡዳ ነው ትላለች፣ ሦስተኛዋ ክትባቱ ነው ትላለች። (ክትባቱን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘውን የ1998 ጽሑፍ ያሳተመው ላንሴት መጽሔት ራሱ በ2010 ሰርዞታል፤ ወሬው ግን አልተሰረዘም።) ጸበሉን አልነቅፍም። እህቴም ወስዳዋለች፤ ማሙሽ የሚወርድ ውሃ ስለሚወድ በጣም ደስ ብሎት ነበር።

ከሁሉ የጎዳት ግን አንድ ሐኪም የሰጣት ምክር ነው። «ሁለት ቋንቋ ግራ ያጋባዋል፣ እንግሊዝኛ ብቻ አናግሩት» አላት። እሷም እሺ አለች። ዘጠኝ ወር ሙሉ፣ ዓረፍተ ነገሩን በልቧ እየተረጎመች፣ ልጇን በተሰባበረ እንግሊዝኛ አነጋገረች። እሹሩሩዋን ተወች፣ «የኔ ጌታ» ማለት ተወች። የማትችለው ቋንቋ ሲያልቅባት ዝም ትላለች። እንዲህ እንዲያ እያለ መናገር ያቃተው ልጅ የማታናግር እናት ኖረችው። የትምህርት ቤቱ የንግግር ባለሙያ ይህን ስትሰማ በአስተርጓሚ ያለቻት፣ ዛሬውኑ ወደ አማርኛሽ ተመለሺ ነው። ሁለት ቋንቋ መስማት ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ንግግር እንደማይጎዳ የተደረጉት ጥናቶች ያሳያሉ፤ የሙያው ማኅበርም የቤት ቋንቋ እንዲጠበቅ ይመክራል። ታብሌቱ ላይ ያለው «ውሃ» አሁን በእህቴ ድምፅ ተቀድቷል። ባለሙያዋ «ዉኻ» ትላለች፤ ማሙሽ ገብቶታል።

የማሙሽ የትምህርት ዕቅድ በሚወሰንበት ዓመታዊ ስብሰባ ላይ እንድገኝ ተፈቀደልኝ። ሞላላ ጠረጴዛ፣ ስድስት ባለሙያ፣ አንዲት እናት። የመጀመሪያውን ስብሰባ እህቴ አትረሳውም፤ በስልክ የቀረበላት አስተርጓሚ «የዕድገት መዘግየት» የሚለውን «ልጅሽ የአእምሮ ዘገምተኛ ነው ይላሉ» ብሎ ገለበጠላት። ተነስታ ወጣች። በሰውየው ብቻ አልፈርድም። አማርኛችን ለዚህ ነገር የሰጠው ቃል ጥቂት ነው፣ ያለውም ስድብ የነበረ ነው። ሥዕልና ወንበር እንደሚያስፈልገው ሁሉ ይህ ትምህርት ቃልም ይፈልጋል፤ መዝገበ ቃላት የምታዘጋጁ ይህን ሥራ ብላችሁ ያዙት። በዚህኛው ስብሰባ የመጣችው ሴት ግን በአካል ተቀምጣ «ከእኩዮቹ ዘግየት ያለ» አለች። ልዩነቱ አንዲት ቃል ናት፤ እህቴ ከወንበሯ አልተነሳችም።

ዕቅዱ በዝርዝር የተጻፈ ነው። ማሙሽ ከ10 አጋጣሚ በ8ቱ የሚፈልገውን በጣቱ ወይም በታብሌቱ ያሳያል። ከ5 ቀን በ4ቱ ጫማውን በራሱ ያወልቃል። ዕቅድ የሚባል ቃል እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ መቶ ሃያ በመቶ ተሳካ የሚል ሪፖርት ስሰማ ኖሬ ከአሥር ስምንት የሚል ትሕትና ባይ ደስ አለኝ። በቨርጂኒያ ደግሞ ዕቅዱ ያለ ወላጅ ፊርማ አይጀመርም፣ አይለወጥምም። እህቴ ቀሚሷን አስተካክላ «የንግግር ሕክምናው ሰዓት ይቀንሳል የሚለውን አልፈርምም» አለች። አስተርጓሚዋ ተረጎመች። ጠረጴዛው ጸጥ አለ። ሰዓቱ ባለበት ቀጠለ። ይህች ልጅ ቤታችን ውስጥ ታናሽ ስለነበረች ሃሳቧን የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ እኔንም ጨምሮ።

ገነት ነው እያልኩ አይደለም። ኮንግረሱ በ1975 ከተጨማሪው ወጪ 40 በመቶውን እንደሚሸፍን ቃል ገብቶ ነበር። ፎርድ ሲፈርሙ ሕጉ መንግሥት ከሚችለው በላይ ቃል ገብቷል ብለው ነበር፤ እውነትም በቅርብ ዓመታት የፌዴራሉ ድርሻ ከ15 በመቶ በታች ነው። ቀሪውን ግዛቱና ከተማው ይሸከማሉ፣ ጫናው በመጨረሻ የሚያርፈው ደግሞ እንደ ጎንደሬዋ ረዳት ባሉት ላይ ነው። ጠዋት ዳይፐር ትቀይራለች፣ ትነከሳለች፣ ትቧጠጣለች፤ ማታ ሌላ ሥራ አላት፣ የዚህኛው ደመወዝ የቤት ኪራይ አይሸፍንም። ሌላም አለ። ሕጉ በተቻለ መጠን ልጁ ከሌሎች ልጆች ሳይነጠል ይማር ይላል፤ የማሙሽ ክፍል ግን ሙሉ በሙሉ የተለየ ነው። ከስምንት የማይናገሩ ልጆች ማን ከማን ንግግር ይማራል? በሳምንት ሁለት ቀን ከሌላ ክፍል አራት ተናጋሪ ልጆች መጥተው አብረው ይጫወታሉ። በእነዚያ ሰዓታት ማሙሽ ክዳኑን ትቶ ሲያያቸው አይቻለሁ። ሁለት ቀን ያንሳል። መምህርቷም ያንሳል አለችኝ።

አገራችንም ፈላጊ አጥታ አታውቅም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በአሜሪካ ኖረው የተመለሱ እናት ነበሩ፤ ልጃቸው ኦቲዝም ነበረበት፣ ተቀብሎ የሚያስተምርላቸው ትምህርት ቤትም አጡ። በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን የመሠረቱት በዚህ ምክንያት ነው። አሁን በሕይወት የሉም። እሳቸው ያደረጉት ትልቁ ነገር ማዕከሉን መክፈታቸው ብቻ አይመስለኝም፤ ቴሌቪዥን ላይ ቀርበው «ይህ ልጄ ነው» ማለታቸው ነው። ከዚያ በኋላ ስንቷ እናት ልጇን ይዛ ደጃቸው ተሰለፈች። የማዕከሉ ወንበር ግን ጥቂት ነው፤ በእናት ብርታት የቆመ ቤት መንግሥት የሚገባውን የፍለጋ ግዴታ ሊተካ አይችልም።

ልመለስ ሁለት ቀን ሲቀረኝ፣ እሑድ፣ እማዬ ደወለች። እህቴ ስልኩን አንስታ ወደ እኔ አየች። እኔ ዝም አልኩ፤ የሷ ልጅ ነው፣ የሷ ቃል ነው። «እስኪ ድምፁን» አለች እማዬ። እህቴ «አልተኛም» አለችና የስልኩን ካሜራ ወደ ምንጣፉ አዞረችው። ማሙሽ ክዳኑን እያሾረ ነበር። እማዬ ለረዥም ጊዜ አየችው። እኔ የጠበቅኩት ልቅሶ ነበር። «አይናገርም?» አለች። «ገና ነው» አለች እህቴ። «ታዲያ አጎቱስ መች ተናገረና? አራት ዓመቱ ድረስ ዲዳ መስሎን ነበር፤ ይኸው ዛሬ ዝም በል ቢሉት አይሰማም» ብላ ስለ ስኳር ዋጋ ማውራት ጀመረች። እኔ ቀደም ብዬ ነው የተናገርኩት፤ ግን አልተከራከርኩም።

በቨርጂኒያና በአካባቢዋ ያላችሁ አንባቢዎች፣ ቤታችሁ ውስጥ የተኛ ልጅ ካለ እንዲህ አድርጉ። የሰፈራችሁን የትምህርት ቤት አስተዳደር ፈልጋችሁ ልጄ ይመርመርልኝ ብላችሁ ጻፉ። በአማርኛ መጻፍ ይቻላል፣ አስተርጓሚም ያቀርባሉ። ክፍያ የለውም። የመኖሪያ ፈቃድ የላችሁም ተብሎ ልጃችሁ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ሊከለከል አይችልም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982 ወስኗል። ደብዳቤው ላይ ቀን ጻፉበት፣ ቅጂውንም ያዙ። በቨርጂኒያ ደብዳቤው ከደረሳቸው ቀን ጀምሮ ምርመራውን ለመጨረስ ያላቸው ጊዜ 65 የሥራ ቀን ብቻ ነው።